ስምህን የሰጠሁበት ቀን

ውድ ታናሽ ወንድሜ መፈደል፣

ሰላምታውን ልዝለለው፤ ለሰላምታ የሚሆን ፊት የለኝም። የት እንዳለህ ስለማላውቅ ይህን ደብዳቤ የምልከው እስፔን፣ አልሜሪያ፣ የአገራችን ልጆች ከሥራ ሲወጡ ለሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ነው። ባለቤቱን ግድግዳው ላይ ለጥፍልኝ ብዬዋለሁ። ያየው ሁሉ ያንብበው። ማፈር የነበረብኝ ድሮ ነው።

እስር ቤት ልጠይቅህ በመጣሁ ቁጥር «ማን ይሆን የጠቆመኝ?» ትለኝ ነበር። እኔም «እንጃ፣ ምቀኛ መች ይጠፋል» እልሃለሁ። እኔ ነኝ፣ መፈደል። ዣንዳርም ፖሊሶቹ ማሳችን ላይ ቆመው ይህ ኪፍ፣ ይህ ሐሺሽ የማን ነው ሲሉኝ፣ የወንድሜ የመፈደል ነው አልኩ። ክፋት አልነበረብኝም። እዚህ ወረዳችን ከታማ ውስጥ እንዲህ ያላደረገ ማን አለ? ወይ የሞተ ሰው ስም ትሰጣለህ፣ ወይ ባሕር የተሻገረ። አንተ እስፔን ነህ፣ የመኖሪያ ወረቀት አለህ፣ ማን ይነካዋል ብዬ ነው። እንዲያውም እነሱ ከሄዱ በኋላ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስቀንበታል። በዚያው በጋ ለእናታችን የጉልበቷን መድኃኒት ይዘህ እንደምትመጣ መች ነገርከኝ? ታንዤር ወደብ ላይ ከመርከብ ስትወርድ ያዙህ።

ሁለት ዓመት ታሰርክ። ስትፈታ የእስፔን ወረቀትህ ጊዜው አልፎበት ነበር። በጎማ ጀልባ ልሻገር ነው ስትለኝ እውነቱን ብነግርህ ኖሮ፣ ምናልባት በንዴት ደብድበኸኝ ትቀር ነበር። ዝም አልኩ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ፤ ድምፅህን የሰማ ሰው የለም።

አሁን እዚህ የሚወራው ሁሉ ስለ ፈቃድ ነው። ሕጉ እፀ ፋርስ ይለዋል፤ ያው የኛው ኪፍ ነው። ለመድኃኒት ፋብሪካ የሚሸጥ ከሆነ በፈቃድ መዝራት ይቻላል ተባለ። የስብሰባው ቀን መንደሩ ሁሉ ተጯጯኸ። አጎታችን ጣይብ፣ ገዢው አንድ ፋብሪካ ብቻ ከሆነማ እንደፈለገ ይጫወትብናል፣ ዣንዳርሙ ይሻላል፣ እሱ እንኳ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው ብለው ሰዉን አሳቁት። አብደልኻሌቅ ግን አልሳቀም። በኪፍ ተከሶ አሥራ አራት ዓመት ሲታደን የኖረ ሰው ነው፤ የልጁን ሰርግ እንኳ ያየው ተራራው ላይ ተደብቆ ነው። «እኔ ፈቃድ ፈቃድ የምለው ለኪፉ ብዬ አይደለም» አለ። «ጥርሴን ሲያመኝ እንደ ሰው ሐኪም ቤት ልሂድ ብዬ ነው።» እኔም ከሱ ጋር እጄን አወጣሁ።

ማመልከቻዬን ይዤ ስሄድ ግን መሬቱ የአባታችን ውርስ ነው፣ የሁለታችሁ ነው ተባልኩ። ወይ አንተ ትፈርማለህ፣ ወይ አሥራ ሁለት ሰው መሞትህን ይመሰክራል። ፈቃድ የሌለውን ማሳ ደግሞ ዘንድሮ ሊነቅሉት ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ ከኪፍ ሌላ ምን ይበቅላል? ሦስት ልጆች አሉኝ። ምስክሮቹን ሳልለምን አገኘሁ። ሁሉም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አንተን አዝለው ያሳደጉም አሉባቸው።

ውል አዋዋዩ ፊት ቆምን። የጻፈውን ሲያነብልን፣ መፈደል፣ የኪፍ ገበሬ፣ ባሕር ላይ የሞተ፣ አለ። የኪፍ ገበሬ! አንተን እኮ ሽታው ራሱ ያስነጥስህ ነበር፤ ሲታጨድ እኛን ጥለህ አክስታችን ቤት ነበር የምትከርመው። ገበሬውስ እኔ ነኝ ብዬ ጀመርኩ። አጎታችን ጣይብ ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ።

«ዝም በል ላያሺ» አሉኝ። «ሁላችንም የሰው ስም ሰጥተናል። ፈርምና እንውጣ።»

ፈረምኩ።

ለእናታችን ሁሉንም ነገርኳት፣ የፊተኛውንም የአሁኑንም። አላለቀሰችም። «ሞተ ካልክ መቃብሩን አሳየኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ምግብ የምታቀርብላት ባለቤቴ ሱዓድ ናት፤ ከኔ እጅ ውሃ እንኳ አትቀበልም። ፈቃዱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ማሳው ጫፍ ላይ ስሜን በትልቁ የጻፉበት ሰሌዳ ተክለዋል። አላፊ አግዳሚው እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ።

ከመፈረሜ በፊት ውል አዋዋዩ፣ ሰውዬው በሕይወት ከተገኘ ወህኒ የምትወርደው አንተ ነህ ብሎኝ ነበር። ሊያስፈራራኝ ነው። እኔ ግን ሌት ተቀን የምለምነው ይህንኑ ሆኗል። ካለህ ና፣ መፈደል። ዳኛው ፊት ቁምና «ይኸው አለሁ፣ ወንድሜ ዋሽቷል» በል። እናታችን ዓይንህን ትየው፤ እኔን ይውሰዱኝ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ናና አሳስረኝ።

ወንድምህ ላያሺ