የፍልሰታ ሽሮ

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ዓምና የፍልሰታን ሽሮ በግምት አዝዤ ግማሹ ነቀዘብኝ። ዘንድሮም ከተደገመ ሱቁን መዝጋቴ ነው። ባለቤቴ አልማዝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከማዘዛችን በፊት ሁልጊዜ እዚህ ዐረብ አገር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ቆማ በሰው ቤት የሚሠሩትን የአገራችንን ሴቶች ትጠይቅ ነበር። አሠሪዎቻቸው፣ ማዳሞቹ፣ ሙቀቱን ሸሽተው ተራራ ሲወጡ ሠራተኞቻቸውን፣ የእኛን ደንበኞች፣ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ነጠላዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ፣ እየሳቀች ስትጠይቃቸው አሁንም ትታየኛለች።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ሚስት ፍለጋ ነው እንዴ?» አለችኝ አንዷ።

«ኧረ የለም ልጄ፤ ማዳምሽ ተራራ ትወጣለች ወይ?»

«ዘንድሮ የለም፣ ኸላስ፣ ቀረ! እዚሁ ከተማው ውስጥ፣ ሲን ኤል ፊል ነን።»

ሌሎቹም እንደዚያው አሉኝ። እመቤቴን ለምኜ ለአስመጪው ደወልኩና «ሙሉውን ላክልኝ» አልኩት። ስልኩን ስዘጋ፣ «አልማዝ፣ አበዛሁት እንዴ?» ልላት ዞር አልኩ።