የኦቦ ሁሴን ንቦች

መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ዛሬ ስንዴዬን የክሽክሽ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ረጨሁ። ከሰዓት ዝናብ እንዳያጥብብኝ ብዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል ጀመርኩ። ድንበሩ ላይ ያለው ጎመንዘር አብቦ ቢጫ ሆኗል። የጎረቤቴ የኦቦ ሁሴን ንቦች እዚያ ላይ ነበሩ። አይቻቸዋለሁ።

በእኛ ሰፈር መድኃኒት የሚረጭ ሰው ከዋዜማው ለኦቦ ሁሴን ይነግራል። እሳቸውም ንቦቹ ሳይወጡ በማለዳ የቀፎዎቹን አፍ በጨርቅ ይደፍናሉ። ይህን ያስለመድኩት እኔው ነኝ። ትናንት ግን አሰላ ውዬ ሲመሽ ገባሁና ደክሞኝ ተውኩት። ለአንድ ቀን ምን ይሆናል አልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ኦቦ ሁሴን ራሳቸው መጡ። መርጫውን አጥቤ ጓዳ አስገብቼ ነበር። ኮፍያቸውን ገልብጠው ይዘዋል፤ ውስጡ የሞቱ ንቦች ሞልተውበታል።

«ከአምስቱ ቀፎ ሦስቱ ፀጥ ብለዋል። ማን እንደረጨ ሰምተሃል?» አሉኝ።

«ኧረ አልሰማሁም፣ ኦቦ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

«አንተማ ሳትነግረኝ አትረጭም። ያ ከታች መሬት የተከራየው አዲሱ ልጅ ይሆናል። ነገ ሄጄ አናግረዋለሁ።»

እሱ እንዳልሆነ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ግን ያንን ካልኩ ማን እንደሆነ መናገሬ ነው። ኮፍያቸውን እንደያዙ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

«አብረኸኝ ና» አሉኝ ሲወጡ፤ «አንተ ካለህ አይክደኝም።»

እሺ ብያለሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።