ኮፍያህን በግራህ አንሳልኝ

ልጄ ዮርሊን፣ የአልታግራሲያዋ እመቤታችን ያንን ግራ ክንድህን በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንልህ። እኛ እዚህ አገር ቤት ባኒ ደህና ነን። ፍየሏ መንታ ወልዳለች፤ በላክኸው ገንዘብ የገዛነው ቆርቆሮም የቤቱን ጣሪያ ግማሽ አልብሷል።

የቤዝቦል ግጥሚያህን በኦኔሲሞ ሱቅ ቴሌቪዥን አየን። ሰፈሩ ሁሉ "አንተ ግራኝ፣ አቃጥላቸው!" እያለ ሲጨፍር እኔ እጅህን ነበር የማየው። ላብህን ጓንት ባጠለቀው ቀኝህ ጠረግህ። ኳስ የምትወረውርበት ግራህ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ክንድህን አሞሃል፤ ከቀጠሩህ አሜሪካኖችም ደብቀሃል።

ለአባትህ ብነግረው "ዝም በይ አንቺ ሴትዮ! ካወቁ ያባርሩታል፤ ጣሪያውን ማን ሊጨርሰው ነው?" አለኝ። ይቅር ጣሪያው! ዝናቡ በላዬ ላይ ይውረድ እንጂ በሃያ ዓመትህ ሸሚዝህን ሰው ሲቆልፍልህ ማየት አልችልም።

እባክህ ልጄ፣ በእናትህ ጡት ይዤሃለሁ፣ ለሐኪማቸው ንገር። እመቤቴ ከጎንህ አትለይህ። ተሳስቼ እንደሆነ በሚቀጥለው ግጥሚያ ኮፍያህን በግራህ ከፍ አድርገህ አሳየኝ። በጓንትህ ካነሳኸው ግን፣ ሰፈሩ ቢረግመኝም ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋዋለሁ።

እናትህ ኔሬይዳ