ዳማንና ቦራን የት እንሽጣቸው?

ነሐሴ 20 ቀን 1971፣ እሑድ

ዝናብ። ሸሚዝ አጠብኩ፣ አልደረቀም። ከፊንስበሪ ፓርክ እስከ ዌምብሊ በእርጥብ ሸሚዝ ሄድኩ። ሻምበል ገብረመድኅን ለምሳ ጠርተውኝ ነበር። ምሳው ሰበብ ነው… ጉዳዩ ፈረስ ነው።

ሻምበል በአገር ቤት የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ነበሩ። እዚህ እንግሊዝ አገር ከከተማው ዳር ባለ ጋጣ ፈረስ ያሠለጥናሉ። የጋጣው ጌታ አርጅቷል፣ በጥቅምት መጨረሻ ሊዘጋው ነው። ሁለቱን ወጣት ፈረሶች ለሻምበል ሰጣቸው። «ያሳደግካቸው አንተ ነህ፣ የሚሆናቸውን ሰው ፈልገህ ሽጥ» ብሎ። ስማቸው ከመልካቸው ነው፦ ቀዩ ዳማ ወንድ፣ ግንባረ ነጯ ቦራ ሴት። የበርሜል ሩጫ ፈረሶች ናቸው። የአሜሪካ ካውቦዮች ጨዋታ ነው፦ ሦስት ባዶ በርሜል ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ፈረሱ በየተራ ዞሯቸው እየጋለበ ይመለሳል። በርሜል ሳይጥል የፈጠነ ያሸንፋል። እንግሊዞችም ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ይጫወቱታል። ለምን? አልጠየቅኩም።

«እስከ ግንቦት ቢቆዩና ውድድር ላይ ቢታዩ ገዢው ራሱ እየሮጠ ይመጣ ነበር» አሉ ሻምበል።

«እስከዚያ የት ልታከርማቸው ነው? ሳሎን?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸዳለ።

በመስከረም ሐራጅ አለ። ሻምበል ወሬውን መስማት አይፈልጉም፤ ፈረስ ለእርድ የሚገዙ የሥጋ ነጋዴዎች ይመጡበታል ይባላል። ስለዚህ በጋዜጣ ማስታወቂያ። ማን ይጻፍ? ምሳውን የበላው።

ነሐሴ 23

ማስታወቂያውን ጻፍኩ። ሻምበል የፈረሶቹ ዘር እስከ አያት ይግባ አሉ። ቆረጥኩት። «ጨካኝ ነህ» አሉኝ። ሌላ ጊዜም ተብያለሁ።

ጳጉሜን 3፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች መጡ፣ ባልና ሚስት። እኔ አስተርጓሚ። የሻምበል እንግሊዝኛ ለፈረስ ይበቃል፣ ለሰው አይበቃም።

ቦራዋ በርሜሎቹን ስትዞር ለእኔ ለማላውቀው እንኳ አንጀት ታርሳለች። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «እንዴት ታምራለች… በሕይወቴ እንዲህ ያለ አላየሁም» አለች። የሻምበል ፊት ጠቆረ።

«ምኗ ነው የሚያምረው? እግሯ ሸፋፋ ነው። ሰሞኑንም ስታስል ነው የምታድር። እስቲ ንገራት።»

ነገርኳት። አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ባልየው የእግሯን ነገር ደጋግሞ አየ። ምንም አላገኘም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው መሰለኝ… አመስግነው ሄዱ።

ጳጉሜን 5

ሌላ ገዢ። ዳማውን አይቶ አፉን ከፈተ። ሻምበል፦ «ሰነፍ ነው፣ ቀለቡን ብቻ የሚያውቅ።» ተረጎምኩ። ሄደ።

ሻምበል መሸጥ አይፈልጉም ይሆን?

መስከረም 3

የዘመን መለወጫ ምሳ፣ ከቀኑ ያለፈ፣ ዌምብሊ። ሻምበል እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሡ ገዢ ሲመጣ ፈረሶቹን ለምን እንደሚያጣጥሉ ወይዘሮ ጸዳለን ጠየቅኩ።

«አንተ መርዕድ፣ አገር ቤት ይህን ያህል ዓመት ጋዜጣ አዘጋጅተህ ይህ ጠፋህ? ያ ሁሉ ፈረንጅ አፉን ከፍቶ ሲያያት አንዱ እንኳ ‹እግዜር ይባርካት› ብሏል?»

«አላለም።»

«ታዲያ በዓይን ትበላ? ለዚያ ነው የሚያንኳስሳት። አንተ ምን አደረግክ?»

«ተረጎምኩ።»

«ሁሉንም?»

«ሳሏንም ጭምር።»

ትን እስኪላቸው ሳቁ። ሻምበል ሲመለሱ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለውን እንዳልተረጉም ለመንኳቸው።

«ያልኩትን ካልተረጎምክ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?» አሉ።

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

ሌላ ገዢ አልመጣም። ሐራጁን ለማየት ብቻ ሄድን፣ ፈረሶቹን ሳንወስድ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጥርስ አያይም፣ እግር አያነሣም። የፈረሱን ዳሌ ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። ሻምበል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ስለ ሥጋ የሰማነው እውነት ነው።

ባቡር ውስጥ፣ ዌምብሊ ልንደርስ ስንል፦ «እኔ ቦራን በስሟ ስጠራት ከሜዳው ጫፍ ነው የምትመጣው። ያ ወፍራሙ ቢጠራትም ትመጣለች… ሰው ታምናለች» አሉ።

 

መስከረም 19

ማስታወቂያውን በራሴ ኪስ አስደገምኩ። አልነገርኳቸውም።

መስከረም 25፣ ቅዳሜ

ሚስስ ኖራ የምትባል አሮጊት መጣች። አየርላንዳዊት፣ ኤሴክስ ውስጥ የበርሜል ፈረስ ታረባለች። ቦት ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ባርኔጣ የላትም። ቦራዋ ዞረች። አሮጊቷ ምንም አላለችም። ዳማው ዞረ። ምንም። ከዚያ ወደ ቦራ ተጠግታ አንድ ነገር ተናገረችና ወደ መሬት እንትፍ አለች።

ሻምበል ክርኔን ያዙ። «ምን አለች?»

«እግዜር ይባርካት ነው ያለችው።»

«እውነትህን ነው?»

«ሻምበል፣ እኔ ጨምሬ ተርጉሜ አውቃለሁ?»

ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው… ቦራ ከልጅነቷ ጀምሮ ያላትን ሙያ ሁሉ ዘረዘሩ። ማስታወቂያው ላይ የቆረጥኩትን ዘር እስከ አያት አስተረጎሙኝ። አንድ እውነተኛ ጉድለትም ነገሯት፦ ሁለተኛው በርሜል ላይ ሰፋ አድርጋ ትዞራለች።

«አይቻለሁ» አለች። «ይህ በአንድ ክረምት ይታረማል። መቼ ላወዳድራት?»

«ከግንቦት በፊት እንዳትነካት። አጥንቷ ገና ነው።»

«የሚሸጥ ሰው እንዲህ አይልም» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሁለቱንም ገዛች። ሻምበል እየተመላለሱ እንዲያሠለጥኗቸው ተስማሙ። እጅ ለእጅ ሲማቱ ድምፁ ጋጣው ውስጥ ተሰማ።

ጥቅምት 9

ፈረሶቹ በመኪና ተጭነው ወደ ኤሴክስ ሄዱ። ሻምበል ማታ እራት አልበሉም። ወይዘሮ ጸዳለ በስልክ፦ «እኔ ሆስፒታል ስተኛ እንኳ በልቷል።» ማክሰኞ ግን ኤሴክስ ሊሄዱ ቦት ጫማቸውን ከአሁኑ አዘጋጅተዋል።

ግንቦት 3 ቀን 1972፣ እሑድ

የቦራ የመጀመሪያ ውድድር። ሕዝቡ ብዙ ነው። ያ ሁሉ ዓይን… ሻምበል ከፈረስ መጫኛው መኪና አልወርድም አሉ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው በእኔ ጋዜጣ ፊታቸውን ሸፈኑ። «አንተ አይተህ ና።»

አየሁ። ሁለተኛውን በርሜል እንደ ክር ታክካው አለፈች። ሚስስ ኖራ አለቀሰች። አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ አንደኛ መሆኗን ተናገረ፣ ሕዝቡ ተነሣ። ወደ መኪናው ሮጥኩ።

«እህ?» አሉ ከጋዜጣው ሥር።

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

«አይነሣ ሻምበል። እንደ እርጉዝ ላም ነው የዞረችው።»

ጋዜጣው ተንቀጠቀጠ።

«ሁለተኛው በርሜል ላይስ?»

«እሱማ ጭራሽ ያሳፍራል።»

«ሌሎቹስ ከፊቷ ነበሩ?»

«ማንም የለም። ብቻዋን ነው የተዋረደችው።»

ጋዜጣውን አወረዱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ጥርሳቸው ግን አልተከደነም።

የሳንሱር ሹም ሳያዘኝ ያቀረብኩት የመጀመሪያው የሐሰት ዜና ነው። ሻምበል እንድደግምላቸው ጠየቁ። ደገምኩላቸው።