ላላ አድርግልኝ

ውድ አባባ፣

ወንድሜ፣ ከላይ ያለው የልጅህ ጽሑፍ ነው፤ የቀረውን እኔ እጽፍልሃለሁ። እንዴት ሰነበትክ? እኔ ከቴኒስ ሜዳው ጥግ ባለችው ክፍሌ፣ የራኬት ክር እየወጠርኩ ከነወገብ ሕመሜ አለሁ።

ልጅህ ትናንትም አሸነፈች። መቼም አንተ ስትደውል «ስንተኛ ወጣች?» እንጂ «እንዴት ናት?» አትልም። ለሚመጣው ወር ደግሞ ሦስት ውድድር ፈርመህላታል አሉ። እሰይ! አንተ ፈርም፣ እሷ ትጫወት።

ድሮ «አጎቴ፣ ክሩን ጥብቅ አድርገው!» እያለች ታደርቀኝ ነበር። ዘንድሮ በመጣች ቁጥር «ላላ አድርግልኝ፣ ስመታ ክንዴን እንዳይነዝረኝ» ነው። ዛሬም ያንኑ ስትለኝ «ከዚህ በላይ ካላላሁትማ ዓሣ አጥምጂበት» ብላት ሳቀች። ሻይ ስሰጣት ግን ብርጭቆው ለቀኝ እጇ ከብዷት በግራዋ ደግፋ ነው የተቀበለችኝ። «ለአባባ እንዳትነግረው» ስላለችኝ፣ እኔም የነገርኩህ ስለ ክር ብቻ ነው።

በል፣ ደህና ክረምልኝ፤ የቤቱን ሰው ሁሉ ሳምልኝ። ከላይ ያሉትን ሁለት ቃላት ግን ደግመህ እያቸው። እነሱን ጽፋ እስክትጨርስ ሻይዋ ቀዝቅዟል።

ታላቅ ወንድምህ