ቅጠሉና የአባትሽ ጉበት

...ልጅ ሆነሽም ያንን ቅጠል እየጨመቅሽ ጭማቂውን በየብርጭቆው መስኮቱ ላይ ትደረድሪ ነበር፤ እኔም አረንጓዴ እጅሽን እያጠብኩ እቆጣሽ ነበር። ይኸው፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳላስቀድም ገባሁበት። እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? የሄድሽበት ይቅናሽ፣ የእጅሽ ሥራ ይባረክ።

እኛ ደህና ነን፤ ከአባትሽ በቀር። በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ውሁዶች ለያይተሽ ስታዪ፣ ሳል ከሚያስታግሰው ሌላ ጉበት የሚጎዳም እንዳገኘሽበት ነግሬዋለሁ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ልጄ ባሕር ተሻግራ የምታጠናው ቅጠል እኔን ሊጎዳኝ?» ለሳሉ በቀን አንድ ብርጭቆ ይጠጣ የነበረውን ጭራሽ ሁለት አደረገው።

«ስማ እንጂ አንተ ሰው፣ መድኃኒቱን ከመርዙ የለየችው እኮ በመሣሪያ ነው!» ስለው፣

«መሣሪያ የለየውን የእኔ ሆድ መለየት ያቅተዋል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዓይኑ ግን ቢጫ ሆኗል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «አምፖሉ ነው» ይለኛል። አምፖሉን ቀየርኩት። ያው ነው።

ማፍሊያውን ብደብቅበት በቆርቆሮ ጣሳ አፈላ። ቁጥቋጦውን ልነቅለው ወደ ጓሮ ወጥቼ ነበር፤ የተከልሽው አንቺ ነሽና እጄ እምቢ አለኝ። ተናድጄ ተመለስኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ ምሳሽን አትዝለዪ። ግን እባክሽ የኔ ልጅ፣ ራስሽ ደውለሽ ንገሪው። የሚጠጣው ስለሚያመው ብቻ አይደለም፤ ስለሚኮራብሽ ነው። እኔን አይሰማም። ክፉ አይንካሽ፣ ደግ ሰው አያሳጣሽ፣ ጤናሽን

ቆይ፣ የጓሮው በር ተዘጋ።