ካሜራው ተዘግቶ የተደረገ ቃለ መጠይቅ

ለምወድሽ ልጄ፣

በቅርብም በሩቅም ለምትገኙ የቤተሰባችን አባላት በሙሉ፦ የላይኛው ድዴ የመጨረሻ ነዋሪ የነበረው ጥርሴ ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ በደረቅ ዓሣ አደጋ ከመካከላችን መለየቱን ስገልጽ ከባድ ኀዘን ይሰማኛል። እንደ ወጉ ጣሪያ ላይ ወርውረነዋል። አይጦቹ ወስደው አዲስ ያመጡልኛል ብዬ እየጠበቅሁ ነው፤ በሰባ ስድስት ዓመቴ ካላፈሩብኝ።

አንቺስ እንዴት ሰነበትሽ? ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽን አሁንም ያምሻል? እመቤትሽ አሁንም ውሻዋን ከአንቺ አስቀድማ ነው የምታበላው ወይስ እኩል አደረገቻችሁ? የሆንግ ኮንግ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ከጥርሴ በቀር ሁላችንም አለን።

አሁን ስለ ልጅሽ ስለ ጆቬሊን ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እቤቷ ተቀምጣ ለሩቅ አገር ድርጅት ሠራተኛ የምትመለምልበትን ሥራ መፈለግ ከጀመረች ስድስት ወር እንዳለፋት ታውቂያለሽ። ያልነገረችሽ ስንት ጊዜ እንደተፈተነች ነው። ዘጠኝ ጊዜ! ዘጠኙንም ጊዜ ከወገቧ በላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከወገቧ በታች የእኔ ቁምጣ። ጠያቂዎቹ ጫጫታ አይወዱም፤ ስለዚህ እሷ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ አለብኝ» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይታዘዛል። እኔ አውራ ዶሮዬን ጆንያ ውስጥ ከትቼ እታቀፈዋለሁ። ጎረቤታችን ክሪሳንቶ «ካለፈች የመጀመሪያውን ዘፈን እኔ ነኝ የምዘፍነው፤ ተናግሬያለሁ!» እያለ ካራኦኬውን ይዘጋል።

አንዷ አውስትራሊያዊት አርባ ደቂቃ ሙሉ አፋጠጠቻት። «ያልተመረጠ ሰውን ቅስሙን ሳትሰብሪ እንዴት ታሰናብቺዋለሽ?» አለቻት። ጆቬሊን እንዲያው ማር የመሰለ መልስ ሰጠቻት። በሁለተኛው ቀን ሴትዮዋ ያንኑ መልስ ቃል በቃል ገልብጣ ላከችላትና አሰናበተቻት። እኔ ስስቅ ልጅሽ ሁለት ቀን ኮረፈችኝ።

አሥረኛው ግን ሌላ ነበር። ድምፅ ብቻ። ሰውዬው ሚስተር ዌስሊ ነኝ አለ፣ ካሜራውን አልከፈተም፣ እሷም እንድትከፍት አልጠየቃትም። ዶሮዬ ከጆንያው አምልጦ አራት ጊዜ ጮኸ፤ ሰውዬው ምንም አላለም። ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ የለ፣ ኢንተርኔትሽ ይፈጥናል ወይ የለ። ፓስፖርት አለሽ? አላገባሽም? ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? በቃ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ «አልፈሻል» አላት።

እሷ ዘለለች፤ ክሪሳንቶ ዘፈነ፤ እኔም በድዴ አጀብኩት። ግን እኔ አሳማ ስገዛ እንኳ ዙሪያዋን ሦስቴ ነው የምዞረው። ይህ ሰው ሳያያት የወሰዳት ምን ቢፈልግ ነው?

በማግስቱ ሁለት ነገር አዘዛት። አንደኛ፣ ሥራው ከቤት ቢሆንም ሥልጠናው ታይላንድ ጠረፍ ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ ሐሙስ እንድትበር፤ ቲኬቱ ተቆርጧል። ሁለተኛ፣ ለሙከራ ሦስት ሥራ ፈላጊዎች አግኝታ በላከላት የጥያቄ ወረቀት እንድትጠይቅ። እኛ ደግሞ ሥራ ተገኘ ሲባል መጀመሪያ የምንጠራው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የወንድምሽ ልጅ፣ የእኔ የክርስትና ልጅ፣ የክሪሳንቶ ታናሽ። ስማቸውን አሳምራ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። ሦስቱም ከእኛ ድስት የበሉ ናቸው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በእኔ በአያቷ፣ በሎሎዋ ልትለማመድ ፈለገች። የሠርጌን ከረባት አስሬ ፊቷ ተቀመጥኩ።

«ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ሎሎ፣ በቁም ነገር!»

«ሃምሳውን ለአያትሽ ትቼላት ነው።»

«ፓስፖርት አለዎት?»

«የዶሮዬ አይበቃም?»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አራተኛውን አነበበችልኝ። «ለአንድ ሳምንት ወደ ቤት ባይደውሉ፣ እርስዎን ፍለጋ የሚመጣ ሰው አለ?»

ቀልድ አፌ ላይ ነበር። ከረባቴን ፈታሁት።

ያንን ጥያቄ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ ባለ ወርቅ ሰዓቷ ደላላ ሴትዮ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሩዝ ኬካችንን እየበላች፣ ይህንኑ ስለ አንቺ ጠይቃኛለች። አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርሽ። እኔም «ሌሎች አራት አሉኝ፤ አንዷ ብትጎድል መቼ አውቄ!» አልኳት። ቤቱ በሳቅ አወካ። ሴትዮዋ ጻፈች። የአንቺን ሳቅ አልሰማሁም። በዚያ እሷ በላከችሽ በመጀመሪያው አገር አሥራ አራት ወር ድምፅሽ ጠፋ። ስትመለሺ ምንም አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅሁሽም፤ ቀልድ አወራሁልሽ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ ነው የምትቀመጪው። አላየም ብለሽ ይሆናል። አይቻለሁ።

ጆቬሊን «ምነው ሎሎ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «ይህንኑ ጥያቄ አንቺ ሰውዬውን መልሰሽ ጠይቂው» አልኳት። «እኔ ለአንድ ሳምንት ባልደውል ማን ይፈልገኛል?» ብላ ጻፈችለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ፎቶ ነው። የእኛ በር። እኔ በካናቴራ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጥርሴን እነቀንቃለሁ። ከሥሩ «አታስቢ፣ ቤታችሁን እናውቀዋለን» ይላል። ማን እንዳነሳን አናውቅም፤ ጥርሴ ገና ስላለ ግን ከእሑድ በፊት ነው።

ፎቶውን ትንሽ አየችው። ከዚያ አልመጣም ብላ ጻፈችለት፣ የስሞቹን ወረቀት ቀደደችው፣ ሻንጣዋን ፈታች። ይህን ስጽፍልሽ ጓዳ ውስጥ ዓሣ እየጠበሰች ታንጎራጉራለች። እኔም ለቀበሌው ሊቀመንበር ተናግሬያለሁ፤ በራችን ላይ ሁለት ሰው አቁሞልናል፤ አንደኛው ያንቀላፋል። የክሪሳንቶ ሚስት ዛሬ ረቡዕ ወደዚያው ወደ ሆንግ ኮንግ ስለምትመለስ ደብዳቤውን በእጅሽ ትሰጥሻለች።

ድንግል ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልሽ። የምትወጪበትን ደረጃ ታሳጥርልሽ። የእመቤትሽን ልብ ቢያንስ ለውሻው ያህል ለአንቺም ታራራልሽ።

ድዳሙ አባትሽ

ከፊርማዬ በታች አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ ያልሆነ ነገር ጽፌልሻለሁ፤ አንድ አንቀጽ እንኳ ደስ ብሎሽ እንድታነቢ ብዬ። አልመጣም ብላ አልጻፈችለትም። ሻንጣዋም አልተፈታም፤ እውነቱ የስሞቹን ወረቀት መቅደዷና በራችን ላይ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። «ሎሎ፣ ቤታችንን ያውቁታል፤ ካልሄድኩ በእርስዎ ላይ ይመጣሉ» ነው ያለችኝ። አሁን ዓሣ እየጠበሰች አይደለም፤ ፓስፖርቴ የት ገባ እያለች ፍራሹን ሁሉ እየገለበጠች ነው። ፓስፖርቱን እዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ ከዚህ ወረቀት ሥር ከትቼልሻለሁ፤ ደብቂው። እያለቀሰች ስትደውልልሽ በዚያ አገር የሆንሽውን ንገሪያት። ለእኔ እንኳ ባትነግሪኝ ግድ የለም።